ከአንድ ሥር የበቀሉ የንግግር ቃላት፦ የላቲኑ «ሎኲ» በእንግሊዝኛ

1. መነሻ

በተማሪነቴ ዘመን ስለ አንድ ባለቅኔ ሕይወት የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጣጥፍ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ታዘን ነበር። በመጣጥፉ መጨረሻ ላይ ሰውዬው «በኦብሎኲ» ሞተ የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ቃሉን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሆኖም «ኮሎኲ» ማለት ውይይት መሆኑን ዐውቅ ስለነበር፣ የሁለቱን ቃላት መጨረሻ አመሳስዬ «ባለቅኔው በውይይት ላይ ሳለ ሞተ» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ዐረፍተ ነገሩን በቀይ ከበው፣ «መዝገበ ቃላት አልነበረህም?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ነበረኝ፣ መምህር፤ ሥሩን ስለማውቀው አልከፈትሁትም» አልኋቸው። «እንግዲያው የጣለህ ሥሩን ማወቅህ ነው» አሉኝ። ለካ ባለቅኔው የሞተው ስሙ ጠፍቶ፣ በሕዝብ ፊት ተዋርዶ ነበር።

ይህን ገጠመኝ ያነሣሁት ዛሬ በማስተምርበት ክፍል ውስጥም ተመሳሳይ ችግር ስለማይ ነው። ተማሪዎቻችን የእንግሊዝኛ የሥነ ጽሑፍ ሂስ መጻሕፍትን ሲያነቡ በየገጹ እንግዳ ቃል ያጋጥማቸዋል። ገሚሶቹ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው ለመሸምደድ ይሞክራሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ እንደ እኔ ሥሩን አይተው ይገምታሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው የቃል ሥር ቃሉ ከየት እንደ ተነሣ እንጂ የት እንደ ደረሰ የማይነግረን መሆኑን ነው። መነሻውንም መድረሻውንም አጣምሮ ማየት ለአማርኛ የሂስ ቃላት አሰያየማችን ምን ያህል እንደሚጠቅም በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ለማሳያነት የመረጥሁት «መናገር» የሚል ትርጉም ያለውን የላቲን ግሥ ነው።

2. ሥሩና ቅርጹ

በላቲን «ሎኲ» ማለት መናገር ነው። ግሡ በእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ከአሁን ጊዜ ቅርጹ የመጣው ሲሆን በ«ኤሎኰንት»፣ በ«ኮሎኲ»፣ በ«ሎኴሸስ» ውስጥ ይታያል። ሁለተኛው ከኀላፊ ጊዜ ቅርጹ፣ ማለትም ከ«ሎኩቱስ» የመጣው ነው፤ «ኤሎኩሽን»፣ «ሰርከምሎኩሽን»፣ «ኢንተርሎኩተር» በሚሉት ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ መልኮች አንድ ሥር መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ «ኤሎኰንት»ን እና «ኤሎኩሽን»ን እንደ ባዕድ ለባዕድ ያያቸዋል። የላቲኑን ድምፅ በፊደላችን ለመጻፍ እንደማንቸገርም ልብ ይሏል፤ ኰ፣ ኲ፣ ኳ፣ ኴ፣ ኵ የተባሉት ዲቃላ ፊደሎቻችን ለዚሁ ዓይነት ድምፅ የተዘጋጁ ናቸው።

ስለ ሰዋስዉ አንድ ነገር ማከል ይገባል። «ሎኲ» በቅርጹ ተደራጊ፣ በትርጉሙ ግን አድራጊ ከሆኑት የላቲን ግሦች አንዱ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። «ተሰበረ» እና «ተጻፈ» ስንል መነሻዋ «ተ» ድርጊት የደረሰበትን ታመለክታለች፤ «ተማረ»፣ «ተቀበለ»፣ «ተናገረ» ስንል ግን ያችው «ተ» እያለች ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤቱ ራሱ ነው። ላቲንና አማርኛ የዘር ዝምድና የላቸውም። ቢሆንም መናገር የተናጋሪውን የራሱን አካል የሚነካ ድርጊት በመሆኑ ሁለቱም ቋንቋዎች ለግሡ ተራ የአድራጊ ቅርጽ አልሰጡትም።

ልዩነታቸው የሚጎላው በርባታ ላይ ነው። እኛ ከ«ነገረ» ነገር፣ ነጋሪ፣ ንግግር፣ ተናጋሪ፣ አነጋገር፣ ነጋሪት የሚሉትን ስናወጣ በተነባቢዎቹ መካከል ያሉትን አናባቢዎች እንለዋውጣለን። ላቲን ግን ሥሩን እምብዛም ሳይነካ ከፊቱ ባዕድ መነሻ ወይም ሌላ ቃል ይቀጥላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል ለመረዳት ከሥሩ ይልቅ ከፊቱ የቆመው ይበልጥ መታየት አለበት። እኔ በተማሪነቴ የዘለልሁት ይህንን ነበር።

3. ባዕድ መነሻ የሚለውጠው

«ኤ» ወይም «ኤክስ» ወደ ውጭ ማለት ነው። «ኤሎኰንት» የሚባለው በልቡ ያለውን አሳምሮ ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ በእኛ አነጋገር አንደበተ ርቱዕ የምንለው ሰው ነው። «ኮን» አብሮነትን ያመለክታል፤ ከሥሩ ጋር ሲጣመር «ኮሎኲ»፣ ውይይት ይሆናል። ከዚሁ የወጣው «ኮሎኲያል» ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚጠቀሙበትን፣ ከመጽሐፍ ቋንቋ የሚለየውን የዕለት ተዕለት አነጋገር ይገልጻል። «ኢንተር» መካከል ነው፤ «ኢንተርሎኩተር» ማለት በንግግር ውስጥ እየተቀበለ የሚመልስ ተካፋይ ነው። በሕግ ቋንቋ «ኢንተርሎኩተሪ» የተባለ ትእዛዝ ደግሞ ክርክሩ ሳያልቅ በመሀል የሚሰጥ ነው። «አድ» ወደ ማለት ሲሆን «አሎኩሽን» የሮማ የጦር አዛዥ ወደ ሠራዊቱ ዞሮ የሚያደርገው ንግግር ነበር፤ በኋላ የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ለሚያደርጉት መደበኛ ንግግር መጠሪያ ሆኗል።

እኔን የጣለኝ «ኦብ» ነው። ትርጉሙ ፊት ለፊት፣ በተቃራኒ ማለት ነው። «ኦብሎኲ» በኋለኛው ዘመን ላቲን ተቃውሞ መናገርን ይገልጽ ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ስድብና ስም ማጥፋት ሆነ፤ ቀጥሎም ከስድቡ የተነሣ በሰውዬው ላይ የሚወርደው ውርደት ራሱ በዚህ ስም ተጠራ። ሐሜት ብለን ብንተረጉመው ደግሞ እንሳሳታለን። ሐሜት ከጀርባ የሚደረግ ሲሆን «ኦብሎኲ» የአደባባይ ነው።

«ሰርኩም» ዙሪያ ማለት ነው። «ሰርከምሎኩሽን» ነገሩን በቀጥታ ሳይናገሩ በዙሪያው መሽከርከር ሲሆን አማርኛም «ዙሪያ ጥምጥም» በሚለው አነጋገሩ ያንኑ ሥዕል ሥሎ ይዟል። ሮማውያን ይህን ቃል የፈጠሩት «ፔሪፍራሲስ» የሚለውን የግሪክ የንግግር ጥበብ ቃል ክፍል በክፍል ተርጉመው ነበር። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ከ1855 እስከ 1857 በተከታታይ ባሳተመው «ሊትል ዶሪት» በተባለው ልብ ወለዱ፣ ባለጉዳይን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ከማንከራተት በቀር ምንም የማይሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈጥሮ የሰርከምሎኩሽን ቢሮ ብሎ ሰየመው። በዚህ ስያሜ የንግግር ጉድለት የነበረው ቃል የአስተዳደር በሽታ መጠሪያ ሆነ።

4. ከሌላ ቃል ጋር የተጣመሩ

«ሎኴሸስ» የመጣው «ሎኳክስ» ከሚለው የላቲን ቅጽል ሲሆን ለፍላፊ ማለት ነው። ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 በታተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» ዐሥረኛ መጽሐፍ ውስጥ ሔዋን በፈራጁ ፊት ጥፋቷን ስታምን ያላበዛች፣ ያልደፈረች መሆኗን ሲገልጽ በዚህ ቃል ተጠቅሟል። ስለዚህ ቃሉ ዛሬ በቀልድ የሚነገር ቢመስልም በከባድ ግጥም ውስጥም ቦታ ነበረው።

«ግራንዲሎኰንት» እና «ማግኒሎኰንት» ሁለቱም ታላቅ ከሚል ቅጽልና ከሥራችን የተጣመሩ ናቸው። ሁለቱም ታላቅ ተናጋሪን ሳይሆን ቃል እያገነነ ዲስኩር የሚያበዛን ያመለክታሉ፤ ከሥሩ ብቻ ቢገመቱ ምስጋና ይመስላሉ። «ሶምኒሎኲ» ከእንቅልፍ ጋር ተጣምሮ በእንቅልፍ ልብ መናገርን ይገልጻል። «ቬንትሪሎኲስት» ከሆድ ጋር የተጣመረ ነው። ዛሬ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊቱን የሚያናግር የመድረክ ባለሙያ ቢሆንም፣ የጥንቱ ሰው በሆዱ መንፈስ ያደረበት፣ መንፈሱም ከውስጥ የሚናገርለት ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 28 ሳኦል የሄደባትን የዓይንዶር መናፍስት ጠሪ፣ ሰብዓ ሊቃናት የተባለው የግሪክ ትርጉም «ከሆድ የምትናገር» በሚል ቃል ይጠራታል። ላቲኑ የግሪኩ አቻ ነው።

ቃልን ስለ ማብዛትና ስለ ማሳጠርም ሥሩ ድርሻ አለው። ቩልጋታ በሚባለው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 7 ላይ አሕዛብ በጸሎታቸው የሚያበዙት ንግግር «ሙልቲሎኲዩም» ተብሏል። በአንጻሩ ቦናቬንቱራ የተባለው የ13ኛው መቶ ዓመት የነገረ መለኮት ሊቅ ትምህርቱን ያሳጠረበትን መጽሐፍ «ብሬቪሎኲዩም» ሲል ሰይሞታል።

5. ሥሩ ሳይለወጥ ትርጉሙ ሲሰደድ

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ «ኤሎኩሽን» ይመስለኛል። በሮማውያን የንግግር ጥበብ ትምህርት አምስት ክፍሎች ነበሩ፤ ሐሳብ መፈለግ፣ ሐሳብን መደርደር፣ ለሐሳቡ ቃል መምረጥ፣ በቃል መያዝና ማቅረብ። «ኤሎኩሲዮ» ሦስተኛው ነበር፤ ማለትም የቃላት ምርጫና የአነጋገር ስልት። ድምፅና የእጅ እንቅስቃሴ የአምስተኛው ክፍል ጉዳይ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ18ኛው መቶ ዓመት በብሪታንያ ቃሉ ከሦስተኛው ክፍል ወደ አምስተኛው ተሻገረ። ቶማስ ሸሪደን እ.ኤ.አ. በ1762 ስለ «ኤሎኩሽን» ያሳተማቸው ትምህርቶች የሚመለከቱት የድምፅ አወጣጥንና የአቀራረብን ጉዳይ ነው። ስለ ሲሴሮ ስልት የሚያጠና ተማሪ የዛሬውን ትርጉም ይዞ ወደ ጥንቱ ጽሑፍ ቢገባ፣ ስለ ቃል ምርጫ የተነገረውን ሁሉ ስለ ድምፅ የተነገረ አድርጎ ይረዳዋል።

መልክ ብቻ የሚመስሉትንም መለየት ያሻል። «ሎካል» እና «ሎኬሽን» የመጡት ስፍራ ከሚለው «ሎኩስ» ነው፤ ከንግግር ጋር አይገናኙም። «ዳያሎግ» እና «ዩሎጂ» ከግሪኩ «ሎጎስ» የወጡ ሲሆኑ የላቲኑ ሥር ልጆች አይደሉም። በገበያችን ወሽመላ የምንለው ፍሬም በእንግሊዝኛ «ሎኳት» ይባላል፤ ስሙ የመጣው ግን ከካንቶን ቻይንኛ ነው።

6. «ሶሊሎኲ» እና የራሴ ስሕተት

ከላይ ያለው ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ሶሊሎኲ» ከ«ሶሉስ»፣ ማለትም ብቻ ከሚለው ቃልና ከሥራችን የተጣመረ ነው። ቃሉን የፈጠረው ቅዱስ አውግስጢኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ386 እና በ387 መካከል፣ ከመጠመቁ በፊት በጻፈው «ሶሊሎኲያ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ፣ ስሙ አዲስና ምናልባትም ለጆሮ የሚሻክር መሆኑን፣ ነገር ግን ከራሳችን ጋር ብቻ ስለምንነጋገር የሚስማማ መሆኑን ይናገራል። የሚገርመው መጽሐፉ በአውግስጢኖስና በገዛ አእምሮው መካከል የሚደረግ ጥያቄና መልስ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ስም የተጠራው የመጀመሪያው ጽሑፍ ቅርጹ ምልልስ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የተውኔት መጠሪያ የሆነው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው።

«ሞኖሎግ» በበኩሉ አንድ ከሚለው ግሪክ ቃልና ከ«ሎጎስ» ተጣምሯል። ሁለቱን በየሥራቸው ብንተረጉማቸው ውጤቱ አንድ ነው፤ «የብቻ ንግግር»። በአገልግሎት ግን ይለያያሉ። በሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሣር» ውስጥ ማርክ አንቶኒ በቄሣር አስከሬን ፊት የሚያደርገው ረጅም ንግግር «ሞኖሎግ» ነው፤ ተናጋሪው አንድ ቢሆንም ሕዝብ ይሰማዋል፣ እሱም ሕዝቡን ሊያነሣሣ ይናገራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ግን ልዑሉ ስለ መኖርና አለመኖር ሲያሰላስል የሚናገረው ለራሱ ነው። ንጉሡና ፖሎኒየስ ተደብቀው ያደምጡታል፤ እሱ ግን ብቻውን ያለ ይመስለዋልና «ሶሊሎኲ»ነቱ አይፈርስም። እንግዲህ መለያው የተናጋሪው ቁጥር ሳይሆን ንግግሩ ለማን ታስቦ እንደ ተነገረ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ የአንቶኒ ንግግር በፈተና ላይ ጠየቅሁ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ «የብቻ ንግግር ስለሆነ ሶሊሎኲ ነው» ብላ መለሰች፤ እኔም ነጥቡን ከለከልኋት። በማግሥቱ ለክፍሉ ያደልሁትን ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ እርስዎ የሰጡን ማብራሪያ እኮ ሁለቱንም የብቻ ንግግር ነው የሚላቸው» አለችኝ። አየሁት፤ እንዳለችው ነበር። እኔ በተማሪነቴ ሥር አይቼ እንደ ተሳሳትሁ ሁሉ፣ በመምህርነቴም ሥር ብቻ አይቼ ተርጉሜ ተማሪዬን አሳሳትኋት። ነጥቧን መለስሁላት፤ ወረቀቱንም ከዚያ ወዲህ አላደልሁትም።

7. መደምደሚያ

ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ተማሪው እንግዳ ቃል ሲያጋጥመው ከሥሩ ይጀምር፣ ባዕድ መነሻውን ይይ፣ ከዚያም መዝገበ ቃላቱን ሳይንቅ ይክፈት። ሥሩ ቃሉን ለማስታወስ ይረዳዋል፤ ትርጉሙን የሚወስነው ግን ቃሉ በጊዜው ያገለገለበት አግባብ ነው።

ሁለተኛው የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ነው። ለሂስ ቃል አማርኛ ስናበጅ የባዕዱን ቃል አጥንት ከመገልበጥ ይልቅ ቃሉ የሚሠራውን ሥራ ብንሰይም ይሻላል። ለ«ሞኖሎግ» በቴያትር ቤቶቻችን የተለመደው «መነባንብ» ጥሩ ቃል ነው። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነበርና፤ በአማርኛ ወደ ማንበብ መሸጋገሩም ቃላት እንዴት እንደሚሰደዱ ከደጃችን የተገኘ ምሳሌ ነው። ለ«ሶሊሎኲ» ደግሞ «ለራስ ንግግር» የሚለውን አቀርባለሁ፤ አድማጩን የሚጠቁመው «ለ» ሁለቱን ይለያቸዋል። የተሻለ ያለው የሥራ ባልደረባ ቢያርመኝ ደስታዬ ነው። የሁለቱ ስም አንድ ሆኖ ከቀረ ግን ያቺ ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ በየዓመቱ በየቢሮአችን መመላለሱ አይቀርም።