የእጅ ንጽሕና በገበሬ ቤት፦ ሳኒታይዘር የሚጠቅምበትና የማይጠቅምበት ጊዜ

መግቢያ

የኮሮና በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ ወዲህ፣ ከአልኮል የሚሠራውና ሳኒታይዘር የሚባለው የእጅ ማጽጃ ከወልድያና ከመርሳ ከተሞች አልፎ በገጠርም ታውቋል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች ይህን ፈሳሽ በማናቸውም ጊዜ በሳሙናና በውኃ ምትክ የሚያገለግል አድርገው ይመለከቱታል። ይህ አስተሳሰብ በተለይ ከብት ለሚያረባና አትክልት ለሚያለማ የሀብሩ ገበሬ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

አሠራሩ

አልኮል የጀርሞችን ሽፋንና ገላ በማበላሸት ይገድላል። ለዚህም ፈሳሹ ቢያንስ ከመቶ 60 እጅ አልኮል ሊኖረው ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው አቀማመም 80 እጅ ኤታኖል አለበት። ቀሪው ውኃ አልኮሉ ወደ ጀርሙ ገላ እንዲዘልቅ ስለሚረዳ፣ ውኃ የሌለው ንጹሕ አልኮል የተሻለ አይሠራም። በቤት የሚወጣ አረቄ ደግሞ አልኮሉ አነስተኛ በመሆኑ ለእጅ ማጽጃነት አይበቃም።

የማይሠራበት ሁኔታ

1. የቆሸሸ እጅ። እጅ ላይ አዛባ፣ ጭቃ ወይም ቅባት ካለ አልኮሉ ከሥር ያሉትን ጀርሞች አያገኛቸውም።

2. አባ ሰንጋ። የዚህ በሽታ ጀርም ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ አልኮል አይገድለውም። በድንገት የሞተን ከብት ከመግፈፍና ከማረድ ተቆጥቦ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

3. የጥጃ ተቅማጥና የሆድ ትላትል። ከጥጃ ተቅማጥ ወደ ሰው የሚተላለፉ አንዳንድ ጥቃቅን ሕዋሳትና የትላትል እንቁላሎች አልኮልን ይቋቋማሉ። እነዚህ ከእጅ የሚወገዱት በመታጠብ ነው።

4. ጸረ ተባይ መድኃኒት። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ከርጭት በኋላ እጁን በሳሙናና በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት። ሳኒታይዘር መርዙን ከቆዳ አያስወግድም።

ከማለብ በፊት

የሀብሩ ቆላ ሙቀት ያለው በመሆኑ፣ በወተት ውስጥ የገባ ጀርም በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጅግ ይባዛል። ስለዚህ አላቢው እጁን በውኃ አርጥቦ፣ ሳሙና ቀብቶ፣ መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ በጣቶቹ መካከልና ከጥፍሩ ሥር ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ያሻሽ፤ በሚወርድ ውኃም ያለቅልቅ። ቀጥሎ የላሟን ጡት በንጹሕ ውኃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቅ። ለእያንዳንዷ ላም የተለየ ጨርቅ ቢኖር የጡት በሽታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንዳይተላለፍ ይረዳል። ሳሙና ከጠፋ ንጹሕ አመድ ቆሻሻውን ለማስለቀቅ ያገለግላል። ውኃ ለመቆጠብ ጄሪካን በስቶ በበረቱ አጠገብ መስቀል ይቻላል።

ሳኒታይዘር የሚጠቅምበት ሁኔታ

እጅ ለዓይን ንጹሕ ሆኖ ውኃ በአቅራቢያ ሲታጣ ሳኒታይዘር ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። ለምሳሌ ገበያ ውለው ገንዘብ ሲቀበሉ ከቆዩ በኋላ፣ በአውቶቡስ ጉዞ ላይ፣ ወይም ሕመምተኛ ጠይቀው ሲወጡ ሊጠቀሙበት ይቻላል። አጠቃቀሙም መዳፍ በሚሞላ መጠን አፍስሶ፣ ሁሉንም የእጅ ክፍል እስኪደርቅ ድረስ፣ ማለት ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ ማሸት ነው። ሳይደርቅ በጨርቅ መጥረግ ጥቅሙን ያስቀራል።

ጥንቃቄ

ፈሳሹ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከምድጃና ከኩራዝ መራቅ አለበት፤ እጅም ሳይደርቅ ወደ እሳት መቅረብ አይገባም። ሕፃናት እንዳይጠጡት ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ። ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ስለዚህ የይዘት ጽሑፍ የሌለውን ዕቃ አለመግዛት ይመረጣል።

ማጠቃለያ

እጅ ከቆሸሸ ሳሙናና ውኃ፤ እጅ ንጹሕ ሆኖ ውኃ ከሌለ ሳኒታይዘር። ከበረት፣ ከማሳና ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ፣ እንዲሁም ምግብ ከመሥራትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት መታጠብን ልማድ ያደረገ ቤተሰብ ልጆቹን ከተቅማጥ፣ ወተቱንም ከብልሽት ይጠብቃል።