ኩበቱ ከተማ ሲገባ ለማሳው ምን ይቀራል?

የመኸሩ ሰብል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ደጋ የሴቶች ሥራ አያርፍም። እበት ይለቀማል፣ ከገለባ ጋር ተለውሶ ይጠፈጠፋል፤ ሲደርቅም በሸክምና በአህያ ወደ ገበያ ይወርዳል። ገዢው የከተማ ነዋሪ ነው። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ አለፈ።

ከኩበቱ ጋር ምን አብሮ እንደሚሸጥ ግን ገበያ ላይ አይታይም። እበት በማሳው ቢቀር ለሰብሉ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሽ ይሰጣል፤ አፈሩም ውሃ እንዲይዝ ይረዳል። ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይጠፋል። ፎስፈረሱና ፖታሹ በአመዱ ውስጥ ቢቀሩም አመዱ የሚደፋው ከተማ ነው። ገበሬውም ክረምት ሲመጣ በእበቱ የሸጠውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ ከውጭ አገር በመርከብ ከመጣ ማዳበሪያ መልሶ ይገዛል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር ይህ ንግድ ምን ያህል ኪሳራ እንዳለው ብዙዎች አይተውታል።

ከተማው የወሰደውን አይመልስም። ከገጠር የገባው አትክልት ልጣጭና ትርፍራፊ፣ ብስባሽ ሆኖ ወደ ማሳ መመለስ ሲገባው፣ ለአሥርተ ዓመታት ከሌላው ቆሻሻ ጋር ረጲ ላይ ሲከመር ኖሯል። ክምሩ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ይሁን እንጂ «ኩበት አትሽጡ» ብሎ መወሰን ብቻ ነገሩን አይፈታውም። የኩበት ገንዘብ የእናቶች ገንዘብ ነው፤ ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ይገዛበታል። ወንዶች በስብሰባ እጅ አውጥተው ቢያግዱት፣ መቀነታቸው የሚራቆተው ያልተጠየቁት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች አስቀድመው ሴቶቹን ሰብስበው ሊያነጋግሩ፣ ለእርሻ የማይሆነውን ተዳፋትም በስማቸው ለማገዶ ዛፍ ሊሰጡ ይገባል። የሚሸጡት እንጨት ሲደርስ የኩበቱን ገቢ ይተካል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ከምንጭና ከማሳ ይራቅ። በየቤቱም ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሄደውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

ብስባሽ ለመጀመር የሚመቹት መስከረምና ጥቅምት ናቸው፤ አረሙ ገና ለምለም ነው። እበት፣ አረም፣ ገለባና አመድ በየተራ ተነባብሮ፣ ውሃ እየተረጨና እየተገላበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ክምሩ በሣር ካልተሸፈነ የበጋው ፀሐይ ያደርቀውና መብላላቱን ያቆማል።