ደብረ ታቦር ላይ ካቶሊክ ሆኖ መኖር

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲደረግ ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ «ካቶሊክ ነኝ» ያለው 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ወደ አማራ ክልል ስትመጡ ደግሞ ከመቶው ሰው ከ82 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ፣ 17 ያህሉ ሙስሊም ነው። ለሌላው የተረፈችው ፍርፋሪ ናት። እኔ ከዚያች ፍርፋሪ ውስጥ ነኝ፤ ያውም ከጉና ተራራ ሥር፣ ስሟን ከታቦር ተራራ ባገኘች ከተማ።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ለማስተማር ወደ ደብረ ታቦር ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እዚህ «ካቶሊክ ነኝ» ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ጴንጤ ማለት ነው?» ተብላችሁ ነው። አከራዬ ግን እንደ ሌላው ሰው አልቸኮሉም። አንድ ረቡዕ ከሰዓት ቡና ጠርተውኝ አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ እትዬ።»

«ቅዳሴያችሁስ በምንድን ነው?»

«በግዕዝ። አማርኛም አለበት።»

«እመቤታችንንስ?»

«እንዴ እትዬ! እመቤታችንን ትተን የት እንደርሳለን?»

ስኒውን አስቀመጡና «ታዲያ ምንህ ነው ካቶሊኩ?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በሰሜኑና በመሃል አገር በግዕዝ ሥርዓት ትቀድሳለች፤ በዓላቱንም በአገሩ ዘመን አቆጣጠር ታከብራለች። ልዩነቱ ከሮም ጳጳስ ጋር ባላት አንድነትና በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የወሰነውን በመቀበሏ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጎረቤቶቼ ጋር ብዙ እንጋራለን። የማንጋራውም ተራ ነገር አይደለም። ሁለቱንም ሳልሸሽግ ለመናገር እሞክራለሁ።

«ካቶሊክ» የሚለው ስም እዚህ አገር ለምን ጥርጣሬ እንደሚያስነሳ ለመረዳት ወደ ጣና ዳር ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። በ1603 የመጣው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋውን ተምሮ፣ ታግሶ፣ የአጼ ሱስንዮስ ወዳጅ ሆነ። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የደረሰው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር፣ ጾሙና በዓሉም እንደ ሮም ይሁን አለ። አገር ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎ፣ በ1839፣ ጣሊያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ አድዋ ገቡ። አገሬው «አቡነ ያዕቆብ» ይላቸዋል። እሳቸው የአገሩን ካህን ልብስ ለበሱ፣ እንደ አገሩ ጾሙ፣ የግዕዙን ሥርዓት ያዙ። የጎጃሙ መነኩሴና ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል የተከተሉት እኚህን ሰው ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ካቶሊክነታቸውን እንዲተዉ ሲጠየቁ እምቢ አሉ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር ሲጓዙ አረፉ። ሮም በ1926 «ብፁዕ» ብላቸዋለች።

ደብረ ታቦርም የራሷ ድርሻ አላት። በኦሮሞ አካባቢዎችና በሸዋ ለዓመታት ያስተማሩትንና የፈንጣጣ ክትባት የሰጡትን ካፑቺኑን ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያን (አባ ማስያስን) አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1879 ያስጠሯቸውና ከአገር እንዲወጡ ያዘዙት እዚሁ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ትዝ ይለኛል። እሳቸው የተባረሩበት ከተማ ውስጥ እኔ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ እኖራለሁ። ዘመን ተለውጧል።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። እምነቴ እዚህ አገር የወደቀችው ሰውን «የአባትህን ጣል» ስትለው ነው። የኖረችው ደግሞ ቁጭ ብላ ከአገሬው ስትማር ነው። ስለዚህ ለቡሄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ችቦ አበራለሁ፤ ሰው ሲሞት ከዕድሩ ጋር ድንኳን እተክላለሁ። ለመመሳሰል ብዬ አይደለም፤ የእኔም ስለሆነ ነው። በ2015 ፖፕ ፍራንሲስ የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከትን ስላቋቋሙ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ባሕር ዳር አስቀድሳለሁ። ካልሆነ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ለቁርባን ግን አልቀርብም። ለምን ብሎ ለጠየቀኝ እነግረዋለሁ።

ስልክም አለ በሉኝ። ቅዳሴ በቀጥታ ስርጭት ማየት ያጽናናል፤ ግን ቤተ ክርስቲያኔ በአካል መገኘትን አይተካም ትላለች። ቁርባን በዳታ አይመጣም። ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያም ቀረ። የተረፈኝ መዝሙረ ዳዊትና ሌሊት ከደብሩ የሚሰማው ማኅሌት ነበር። ዜማው ከልጅነቴ የማውቀው ዜማ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ ደግሞ ቲክቶክ ላይ የጠበቀኝ የሃይማኖት ስድድብ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። አንዱ «መናፍቅ» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ላይክ ይዘንባል። ቡና አጣጭ ጎረቤቴ ግን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። የምወዳት ልጅ የፋርጣ ልጅ ናት፤ ኦርቶዶክስ ናት። ሽማግሌ ላክሁ። መልሱ በጨዋ ደንብ መጣ፤ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ወደ እኛ ይግባና ይውሰዳት።» በአባቷ አልፈርድም። በእነሱ ቤት የወጉ ጋብቻ በቁርባን ነው፤ ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ካልሆኑ አይሆንም። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እሷን «ካቶሊክ ሁኚ» አይላትም። ግን የጳጳስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኔም ልጆቻችን በእምነቴ እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የምችለውን ሁሉ ለማድረግ ቃል እገባለሁ። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ቃሉን የምገባው እኔ ብሆንም ልጆቹ የእሷም ናቸው።

ጓደኞቼ «ያው አንድ ነው፤ ግባና ጨርሰው» ይሉኛል። የከለከለችኝ እሷው ናት። «ለእኔ ብለህ ከገባህ ነገ ለሌላ ነገር ብለህ ትወጣለህ። እንዲህ ያለ ባል አልፈልግም» አለችኝ። እኔም እሷን ለእኔ ስትል እንድትለወጥ አልጠይቃትም።

እናንተም በእምነታችሁ ጥቂት በሆናችሁበት አገር የምትኖሩ ከሆነ የእኔ ምክር ይኸው ነው፤ የጋራውን አትካዱ፣ የራሳችሁንም አትደብቁ። ይሄ ሁልጊዜ በር ያስከፍታል አልላችሁም። አባቷ እንደገና እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ያኔ በጣም ይጎዳኛል። ሆኖም በዚህኛው ዙር እኔም ፊታቸው ቀርቤ፣ የምንጋራውንም የማንጋራውንም በራሴ አፍ እንድናገር ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ነው። ነጠላዬን አሳጥቤያለሁ።