መስማት የተሳነው ሕፃንና የቤተ ሰቡ ቋንቋ

በአማርኛችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ኖሯል፤ አንደኛው ጆሮው የማይሰማ፥ ሁለተኛው ነገር የማይገባው ማለት ነው። ሁለቱ መቀላቀላቸው በብዙ ሕፃናት ላይ በደል አድርሷል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ኋላ የሚያስቀረው የጆሮው አለመስማት ሳይሆን ቋንቋ በጊዜው አለማግኘቱ መሆኑን፥ የባለሙያዎችም ሥራ ከየት መጀመር እንዳለበት ለመግለጽ እንሞክራለን።

ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም፥ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችውን ደጀንን እንውሰድ። በአካባቢው በሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት መስማት የተሳነው ልጅ አለ እንበል። እናቱ እጅዋን ወደ አፏ አስጠግታ ውሃን፥ ሁለት ጣቶችዋን በግንባርዋ ላይ አቁማ በሬን ታመለክተዋለች። ይህ የቤት ምልክት ለሚታይ ነገር ይበቃል። አባቱ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲሄድ ግን ለምን እንደ ሄደና መቼ እንደሚመለስ ለልጁ የሚነግረው የለም።

የምልክት ቋንቋ ትናንትንና ነገን፥ ምክንያትንና ተስፋን የሚገልጽ፥ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ስቶኪ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጥናት አሳይቷል። በአገራችንም የጣት ፊደል ከራሳችን ፊደል ጋር የተስማማ ነው፤ ከ«ለ» እስከ «ሎ» ባሉት ሰባት ፊደላት የእጁ ቅርጽ አንድ ሲሆን፥ የሚለያያቸው የእጁ እንቅስቃሴ ነው።

በአዲስ አበባ የመካኒሳው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተከፈተ፤ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1970 ተቋቋመ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2008 የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ልጁን የሚቀበለው በሰባት ዓመቱ ገደማ ነው፤ ቋንቋ ግን ከሕፃንነት ጀምሮ የሚያዝ ነው። በአሜሪካ እንደ ተጠናው መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ከ100 ከ90 የሚበልጡት ወላጆቻቸው የሚሰሙ ናቸው። ስለዚህ የምልክት ቋንቋን እንደ ሌላው ልጅ ከእናታቸው አፍ ሊወርሱት አይችሉም።

እንግዲህ የባለሙያው የመጀመሪያ ተማሪ መሆን ያለበት ቤተ ሰቡ ነው። ሥራውም በሦስት ሊከፈል ይችላል።

አንደኛ፥ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲጠሩት የማይዞረውን፥ ወይም ከማጅራት ገትር በኋላ መስማት ያቆመውን ሕፃን ቀድመው ሊያገኙትና ወደ ምርመራ ሊልኩት ይችላሉ።

ሁለተኛ፥ የልዩ ፍላጎት መምህሩ እናትንና አባትን፥ ወንድምና እኅትን በቤታቸው ሥራ መካከል ምልክት ያስተምራል። ብዙ ወላጆች ምልክት የልጁን አፍ እንዳይዘጋ ይሰጋሉ። በ1880 በሚላኖ የተሰበሰቡት መምህራንም በዚህ ስሜት ምልክትን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ነበር፤ ውሳኔው በይፋ የተነቀፈው በ2010 በቫንኩቨር ጉባኤ ነው። መምህሩ ይህን ስጋት በትዕግሥት ማስረዳት ይኖርበታል።

ሦስተኛ፥ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ናቸው። ቋንቋውን አጥርተው የሚያውቁት እነርሱ ሲሆኑ፥ ወላጅ ልጁ አድጎ ሠራተኛና ባለ ትዳር ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ የሚያየው በእነርሱ ነው።

ለደጀን ቅርብ በሆነችው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅ አሉ። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ተመርቀን ወደ ገጠር የምንሄድ ተማሪዎች ጥቂት ምልክቶችን እንኳ ይዘን ብንሄድ፥ የአባቱን መመለሻ ቀን ለልጁ የሚነግር ሰው በቤቱ እንዲገኝ ልንረዳ እንችላለን።