የስንብትና የጉዳት ጡረታ መዛግብት ቃላት
(ለተርጓሚዎችና ለቃላት አጥኚዎች የቀረበ ማብራሪያ)

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሣሪስ፣ በጎፋና በላፍቶ አካባቢ ማመልከቻ በመጻፍ ለሚተዳደሩ ሰዎች ከሚቀርቡላቸው ጉዳዮች አንዱ፣ በጉዳት ምክንያት ከሠራዊቱ በጡረታ የተሰናበተ ሰው የስንብት ማስረጃው እንዲታረምለት የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል። ጽሑፎቹን ቀረብ ብሎ የመረመረ ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ በአንዲት ቃል ላይ የቆመ መሆኑን ይረዳል። መዝገቡ «በጤና ጉድለት» ይላል፤ ባለጉዳዩ «በጉዳት» መባል ነበረበት ይላል። ተርጓሚውና የቃላት አጥኚው ሊገቡበት የሚገባው ከዚህ ላይ ስለ ሆነ፣ በእነዚህ መዛግብት ውስጥ ስለሚገኙት ዋና ዋና ቃላት ማብራሪያ ለመስጠት አስበናል።

(የሰፈሩ ስም ራሱ ለሙያችን ባዕድ አይደለም። ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን የመልእክት ማስተላለፊያ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» ብሎት ነበር። ለመሣሪያው «ራዲዮ» የሚለው የውጭ ቃል ሲጸናለት፣ አገርኛው ስያሜ ጣቢያው በቆመበት ሰፈር ላይ ቀረ። ስያሜ ከተሰየመለት ነገር ተለይቶ ሲኖር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።)

«ጡረታ» የሚለውን ቃል እናስቀድም። ቃሉ «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጦረ ማለት ያረጀን ወይም የደከመን ወላጅ መገበ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። ልጅ ለወለደ ሰው «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ» ተብሎ ሲመረቅ የሚሰማው ትርጉም ይኸው ነው። መንግሥት በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 46፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የሠራተኞቹንና የወታደሮቹን ጡረታ ሲደነግግ፣ የልጅ የነበረውን ግዴታ በዚሁ ቃል ወደ መሥሪያ ቤት አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ተለጥጧል። «ጡረታ ወጣ» ሲባል ከሥራ መገለልን ያመለክታል፤ «ጡረታዬን ተቀበልሁ» ሲባል ገንዘቡን፤ «ጡረታ ሄጄ ነበር» ሲባል ደግሞ መሥሪያ ቤቱን። ሕጉ ገንዘቡን «የጡረታ አበል» በማለት ስለሚለይ፣ ተርጓሚም በጽሑፍ ይህንኑ መከተል አለበት። «ማኅበራዊ ዋስትና» የሚለው የኋላ ስያሜ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተጽፏል እንጂ በሰው አፍ ጡረታን አላሸነፈም፤ ያሸንፋል ብለንም አንጠብቅም።

ዋናው ነገር ከዚህ ይቀጥላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል፤ ስያሜዎቹ ግን ቀጥለዋል። ሕጉ በዕድሜ ከሚገኘው የአገልግሎት ጡረታ ሌላ፣ ጤናን የሚመለከቱ ሁለት ዐይነት አበሎችን ለይቶ ይሰይማል። አንደኛው «የጤና ጉድለት ጡረታ አበል»፣ ሁለተኛው «የጉዳት ጡረታ አበል» ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ጉድለት» እና «ጉዳት» ተቀራራቢ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ የሚከፋ አድማጭ የለም። በሕጉ ግን በሁለቱ መካከል ሰፊ ገደል አለ። የጤና ጉድለት ማለት ለሥራው የሚያስፈልገው የጤና ሁኔታ ሳይሟላ መቅረቱ ነው፤ ምክንያቱ ከየትም ይምጣ። ይህን አበል ዕድሜ ልክ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ያልሞላለት ሰው የሚያገኘው ዳረጎት ብቻ ነው። ጉዳት የሚባለው ደግሞ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ወይም በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ሲሆን፣ በዚህ ሳቢያ የመሥራት ችሎታውን ለዘለቄታው ያጣ ሰው የአገልግሎቱ ዘመን ቢያጥርም አበሉን ያገኛል።

እንግዲህ 6 ዓመት አገልግሎ እግሩን በግዳጅ ላይ ያጣ ወታደር በመዝገቡ «በጤና ጉድለት የተሰናበተ» ተብሎ ቢጻፍ ምን እንደሚከተል አንባቢ ያስላው። ጸሐፊው በክፋት የጻፈው ላይሆን ይችላል። «ጉድለት» ለጆሮው ለስለስ ያለ፣ ጨዋ ቃል መስሎት ይሆናል። የጎደለው አካል ነውና አነጋገሩም ከነገሩ የራቀ አይደለም። ነገር ግን የዚያ ሰው የዕድሜ ልክ እንጀራ በሁለት ፊደላት ልዩነት ወደ አንድ ጊዜ ክፍያ ይለወጣል።

ሌላም ነገር ልብ ማለት ያሻል። በተለመደው አማርኛ «ጉዳት» የሚባለው የሚታይ ነገር ነው፤ ስብራት፣ ቁስል፣ ቃጠሎ። «በሽታ» ወይም «ሕመም» ከጉዳት ውጭ ይቆጠራል። ሕጉ ግን በሥራ ምክንያት የመጣን በሽታ ከጉዳት ወገን አስገብቶታል። ስለዚህ በግዳጅ ላይ ሳለ የታመመ ሰው «እኔ ታመምሁ እንጂ አልተጎዳሁም» ብሎ በራሱ አፍ በማመልከቻው ላይ ሲያስጽፍ፣ በአማርኛነቱ ትክክል ተናግሮ በሕግ ቋንቋ ግን መብቱን የሚያጠብ ቃል ሰጥቷል ማለት ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ይህን ቢያውቁት ብዙ ጥቅም ይሰጣል።

ከዚህ ጋር «የመሥራት ችሎታ» የሚለው ሐረግ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ፅንሰ ሐሳብ ነው። ከመቶ 10 ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት የመሥራት ችሎታውን ያላጣ ሰው «የጉዳት ዳረጎት» ይሰጠዋል። መጠኑን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። «ዳረጎት» ከቤተ መንግሥት ለእንግዳና ለባለሟል ይሰጥ ከነበረው «ድርጎ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። በተለምዶ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ጥቂት ነገርን ስለሚያመለክት፣ በየወሩ ከሚከፈለው «አበል» ለመለየት መመረጡ ጥሩ ምርጫ ነበር እንላለን።

ተርጓሚዎችን የሚያስቸግረው የእንግሊዝኛው አቻ ነው። በነጋሪት ጋዜጣው የእንግሊዝኛ ዓምድ «የጤና ጉድለት» ኢንቫሊዲቲ፣ «ጉዳት» ደግሞ ኢንካፓሲቲ ተብሎ ተቀምጧል። ብዙ ተርጓሚዎች ግን ሁለቱንም ዲስኤቢሊቲ ብለው ያልፋሉ። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉ ወደ ውጭ አገር ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት ሲደርስ በአማርኛው ውስጥ የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ይገኛል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሁለቱ ዓምዶች ሲለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ስለ ሆነ፣ ተርጓሚ ከእንግሊዝኛው ተነሥቶ አማርኛውን ሊያርም አይችልም።

የተገላቢጦሹ ችግር በአሜሪካ ጦር አገልግለው የተመለሱ ወይም እዚያው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚያመጡት ወረቀት ላይ ይታያል። በአሜሪካ ሕግ ለአገልግሎት ብቁ ያልሆነ ወታደር የጉዳቱ መጠን ከመቶ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገመት በጡረታ ይገለላል፤ ከዚያ ሲያንስ፣ ረጅም አገልግሎት ከሌለው፣ የመሰናበቻ ገንዘብ ተከፍሎት ይሄዳል። በአማርኛ ሁለቱም «በጤና ምክንያት የተሰናበተ» እየተባሉ ይተረጎማሉ። የመጀመሪያውን «በጉዳት በጡረታ የተገለለ»፣ ሁለተኛውን «በጉዳት ክፍያ ተሰጥቶት የተሰናበተ» ማለት ይሻላል። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚያርሙ ሲቪል ቦርዶች በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መነሻነት ተቋቁመዋል፤ «የወታደራዊ መዛግብት እርማት ቦርድ» ብንላቸው ሥራቸውን በትክክል ይገልጻል።

እዚሁ ላይ «ዲስቻርጅ» የሚለውን ቃል ማንሣት ይገባል። እንግሊዝኛው ወታደር ከጦር ሲለቀቅ፣ በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ባለዕዳ ከዕዳ ሲነጻ፣ ጠመንጃም ሲተኮስ በዚሁ አንድ ቃል ይጠቀማል። አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ግሥ አለው፤ ለወታደሩ «ተሰናበተ»። ይህ ግሥ ታሪኩ ደስ ይላል። በመሠረቱ ሂያጁ ራሱ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ እንግዳ ባለቤቱን ተሰናብቶ ይወጣል። በመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን ድርጊቱ ወደ አሰናባቹ ዞረና «ተሰናበተ» ማለት እንዲሄድ ተደረገ ማለት ሆነ። በሲቪል መሥሪያ ቤት ቃሉ ዛሬ የመባረር ሽታ አለው። ስለዚህ በጉዳት የወጣ ወታደር ወረቀቱ ላይ «ተሰናብቷል» የሚል ብቻ ሰፍሮ ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ ቀጣሪ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ምክንያቱን ከግሡ ሳይለዩ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «በግዳጅ ላይ በደረሰ ጉዳት በክብር የተሰናበተ»። በ1983 ዓ.ም. የወጡት የቀድሞው ሠራዊት አባላት «ተሰናበትን» ሲሉ ብዙም አይሰሙም፤ «ተበተንን» ነው የሚሉት። 455,000 ያህል የቀድሞ ወታደሮችን እንዲያቋቁም በዚያው ዓመት የተመሠረተው ኮሚሽን በስሙ ውስጥ «የቀድሞው ጦር አባላትን» እና «የጦር ጉዳተኞችን» ለይቶ መጥራቱም ለቃላት አጥኚ መረጃ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን እየቻለ በመዝገቡ አንዱን ብቻ ሆኖ የቀረበት ጊዜ አለና።

ሰውየውን የምንጠራበት ስምም ተለዋውጧል። በ1960ዎቹ «አካለ ስንኩል» የመንግሥት ድርጅት መጠሪያ ውስጥ የገባ የተከበረ ቃል ነበር፤ ዛሬ ይሰቀጥጣል። በአዋጅ ቁጥር 568/2000 እንደምናየው «አካል ጉዳተኛ» ቦታውን ይዟል። የቆየ መዝገብ የሚተረጉም ሰው ግን የዘመኑን ቃል እንዳለ ማስቀመጥ አለበት እንጂ ማደስ የለበትም። ወታደሮች በመካከላቸው የሚመርጡት «ቁስለኛ» የተለየ ነው። ለሐኪም ቁስለኛ ቁስሉ ያልዳነለት ሰው ነው፤ ለወታደር ግን ከ30 ዓመት በኋላም ቁስለኛ ቁስለኛ ነው፤ የማዕረግ ያህል ይቆጥረዋል።

አሁን ወደ «እርማት» እንምጣ። «አረመ» የሚለው ግሥ የእርሻ ቃል ነው፤ ከሰብሉ መካከል አረሙን ነቅሎ ጣለ ማለት ነው። ወደ ጽሑፍ ሲዛወርም ይህን ጠባዩን ይዞ መጣ። ሰብሉ ቀድሞም ነበረ፤ አራሚው አዲስ ነገር አልዘራም። በዚህ መሠረት «እርማት» መባል ያለበት፣ መዝገቡ በተጻፈበት ቀን እውነት የነበረውን ነገር መልሶ ማስፈር ነው። ጉዳቱ በኋላ ቢብስና መጠኑ እንደ ገና ቢገመት ግን ይህ «ለውጥ» ነው፤ የቀድሞው ጽሑፍ በጊዜው ስሕተት አልነበረምና። በማመልከቻዎች ውስጥ «ይታረምልኝ»፣ «ይስተካከልልኝ»፣ «ይሻሻልልኝ»፣ «ይለወጥልኝ» እየተፈራረቁ ይገባሉ። ልዩነቱ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውዝፍ ይገባኛል ለማለት የሚያስችለው «ይታረምልኝ» ነው፤ «ይለወጥልኝ» ያለ ሰው ካመለከተበት ቀን ወደ ፊት ብቻ እንደ ጠየቀ ሊቆጠርበት ይችላል። «ማሻሻል» ለሕግና ለደንብ ቢተው እንመርጣለን። እርማት ደግሞ በተለየ ወረቀት ተጽፎ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል እንጂ በዋናው ላይ አይፋቅም፤ «ሥርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚለው የጸሐፊዎች ቀመር የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው።

ስለ ስም አጻጻፍ በአጭሩ እንለፍ። ሠና ሰ፣ ሐና ሀ፣ ዐና አ በድምፅ የማይለዩ ስለ ሆኑ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ በሁለት መዝገብ የተጻፈ ሰው ሁለት ሰው አይደለም። ቋንቋ ዐዋቂ በምስክርነት ቢጠየቅ ይህን በእርግጠኝነት ሊናገር ይችላል። «ኃይሉ» እና «ኃይለ ማርያም» ግን የአጻጻፍ ልዩነት ስላልሆኑ፣ አንድ ሰው መሆኑ በሌላ ማስረጃ ይረጋገጥ።

ቀን ሲጻፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተባለበት የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት ይከተላል፤ ይህም 10 ዓመት ሞላ አልሞላ በሚባልበት ቦታ ቀላል አይደለም። «ሻምበል» እና «ሻለቃ» ደግሞ የማዕረግም የክፍልም ስሞች ናቸው። «ከሻለቃው ተልኮ ቆሰለ» የሚለውን የአዛዡ ትእዛዝ ነው ወይስ የክፍሉ ብሎ ሳይጠይቅ የሚተረጉም ሰው፣ ግዳጁን ማን እንደ ሰጠ የሚያስረዳውን ብቸኛ ዐረፍተ ነገር ሊያበላሽ ይችላል። በመዝገበ ቃላት ካርዶቻችን ላይ ሁለቱን ፍቺዎች ለየብቻ ቁጥር ሰጥተን አስቀምጠናቸዋል።