የእናት ስም በብድር መዝገብ ላይ

በከተማ የምትኖር ሠራተኛ እናት ዕድሜዋ ሃምሳን እየተሻገረ ሲሄድ ልትጠብቃቸው ከሚገቡ ሀብቶች መካከል በዓይን የማይታይ አንድ ሀብት አለ። ይኸውም «የተበደረችውን በጊዜው ትመልሳለች» የሚያሰኛት መልካም ስም ነው። ቤት ለማደስ፣ ልጅ ለማስተማር ወይም ከጡረታ በኋላ አነስተኛ ንግድ ለመክፈት ገንዘብ በሚያስፈልግበት ጊዜ የአበዳሪውን በር የሚያስከፍተው ይህ ስም ነው። ይሁን እንጂ እናቶች ለዓመታት በላባቸው ያፈሩትን ስም በአንድ ቀን ፊርማ ሲያጡት ይታያል። ብዙ ጊዜም የሚያጡት ራሳቸው በተበደሩት ሳይሆን፣ ሌላው በተበደረውና እነርሱ በዋስነት በፈረሙበት ገንዘብ ነው።

ስም እንዴት ይገነባል?

እቁቧን ለሃያ ዓመት ሳታቋርጥ የጣለች እናት በሰፈሯ የታመነች ናት። ዕጣ ሲወጣላት ዋስ የሚሆናት ሰው አታጣም። ባንክ ግን የሰፈሩን ወሬ ሳይሆን በመዝገብ የሰፈረውን ያያል። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር የብድር መረጃ የሚሰበሰብበት ማዕከል አለ። ባንኮች ለማን ምን ያህል እንዳበደሩና ተበዳሪው እንዴት እየከፈለ እንደሆነ ለማዕከሉ ያስታውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም የአመልካቹን ታሪክ ከዚያው ይመለከታሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በአንዱ ባንክ ያበላሸውን ስም ይዞ ወደ ሌላው ባንክ ቢሄድ አያመልጥም።

ታዲያ እስከ ዛሬ ተበድራ የማታውቅ እናት ከየት ትጀምር? ከሁሉ የሚቀርባት በመሥሪያ ቤቷ ወይም በአካባቢዋ ያለው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይህ ዓይነቱ ማኅበር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ያቋቋሙት በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር። በማኅበሩ ውስጥ አባሏ በየወሩ ትቆጥባለች፤ የምታገኘው ብድርም በቆጠበችው መጠን ይለካል።

ጊዜው አለፈብኝ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የ52 ዓመት ሠራተኛ ስምንት ዓመት፣ ማለትም 96 ወራት ይቀራታል። በየወሩ 300 ብር ብትቆጥብ ወለዱ ሳይታሰብ 28,800 ብር ይሆናል። ከገንዘቡ የማይተናነሰው ጥቅም ግን በ96ቱ ወራት ውስጥ አንዲት ቀን ሳታሳልፍ መክፈሏን የሚያሳየው መዝገብ ነው። በመካከሉ ለሚጠቅም ነገር አነስተኛ ብድር ወስዳ በጊዜው ብትመልስ ደግሞ ለሚቀጥለው ብድር ምስክር ታበጃለች። ላለመበደር የሚቻል ከሆነ ግን ለስም ሲባል ብቻ ወለድ መክፈል ብልህነት አይደለም።

አበዳሪ ሁልጊዜ ደመወዙ እስከ መቼ እንደሚቀጥል ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ዕዳው ከጡረታ በፊት የሚያልቅበትን ቀን አስቀድሞ አስልቶ መበደር ያስፈልጋል። በደመወዝ ሲከፈል ቀላል የነበረ ወርሃዊ ክፍያ በጡረታ አበል ሲከፈል የቤቱን አስቤዛ ይነካል።

ልጅ «እማዬ፣ ፈርሚልኝ» ሲል

የእናት ልብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ልጇ ወይም የእኅቷ ልጅ ሥራ ሊጀምር ነው፤ ብድሩ ተፈቅዶለታል፤ የቀረው ዋስ ብቻ ነው። «ለፎርማሊቲ ነው፣ አንቺን የሚነካሽ ነገር የለም» ይላታል። ዋስትና ግን ለይስሙላ የሚደረግ ነገር አይደለም። ተበዳሪው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ መፈረም ነው። አበው «ዕዳ ከሜዳ» የሚሉትም ያልበሉት ዕዳ ሲመጣ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዋስ ጥበቃ አድርጓል። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም በውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ውሉ አይጸናም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ያለበትን ወረቀት መፈረም ከቶ አይገባም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የዋስትናው ዓይነት ነው። ዋሷ ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ኃላፊ እንደሆነች አድርጋ ከፈረመች፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ እርሷን ሊከስ ይችላል። በውሉ ውስጥ «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉ ቃላት ሲገኙ ቆም ብሎ ትርጉማቸውን መጠየቅ ይገባል። ዋሷ ከከፈለች በኋላ ተበዳሪውን የመጠየቅ መብት አላት። ነገር ግን ልጇን በፍርድ ቤት የምትከስ እናት ስንት ናት?

በመሆኑም ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄ ለራስ ማቅረብ ይበጃል፤ «ልጄ ነገ መክፈል ቢያቅተው ይህን ገንዘብ ቤቴን ሳልጎዳ ልከፍለው እችላለሁ?» መልሱ «አልችልም» ከሆነ አለመፈረም ጭካኔ አይደለም። ካላት ቁጠባ የቻለችውን ያህል አውጥታ «ይህን ውሰድ፣ የእኔ ድርሻ ይህ ነው» ማለት ትችላለች። የሰጠችው ቢጠፋ ጉዳቱ በዚያው ያበቃል፤ ፊርማዋ ግን እስከ ጡረታዋ ሊከተላት ይችላል።

በትዳር ውስጥ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ጠይቋል። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ቢፈርም፣ ያልተስማማው ወገን ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ይህንንም ማድረግ ያለበት ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ግዴታው ከተገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ዕዳ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ያለባቸውን ዕዳና የገቡትን ዋስትና በአንድ ደብተር ጽፈው ማስቀመጥ አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ ድንገት ቢያርፍ የቀረው ወገን ከሐዘኑ ላይ ያላወቀው ባለዕዳነት አይደርብበትም።

በእጅ ስልክ የሚወሰድ ብድር

የቴሌ ብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉት የብድር አገልግሎቶች በ2014 ዓ.ም. ከተጀመሩ ወዲህ ብድር ከእጅ ስልክ ላይ የሚገኝ ነገር ሆኗል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ብቻ እንደ ሰፈር ሱቅ ዱቤ «ነገ እሰጣለሁ» ማለት አያዋጣም። ቀኑ ሲያልፍ ክፍያው ይጨምራል፤ ያልተመለሰ ብድርም የሚቀጥለውን ያስከለክላል። ስልኩን ልጆች የሚነካኩት ከሆነ የምስጢር ቁጥሩን ከእናትየው በቀር ማንም ሊያውቀው አይገባም።

ክፍያ ሲያቅት፣ ዕዳ ሲያልቅ

በሽታ ወይም የሥራ መቋረጥ ማንንም ሊያጋጥም ይችላል። እንዲህ ሲሆን ከአበዳሪው መሸሽ ስምን ከችግሩ ይልቅ ያበላሻል። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ወደ አበዳሪው ሄዶ ችግሩን ማስረዳትና ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። አንዱን ዕዳ ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ መበደር ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅም ሥራው አላበቃም። ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ መቀበል፣ የተያዘ የቤት ካርታ ካለ ማስመለስና በመያዣ የተመዘገበው እገዳ እንዲነሳ ማድረግ ያስፈልጋል። ደረሰኞቹንም ከቤቱ ዋና ዋና ሰነዶች ጋር በአንድነት ማስቀመጥ ይገባል።

እናቶች ለልጆቻቸው የማይሰስቱት ነገር የለም። ሆኖም በደከሙበት ዕድሜ ከዕዳ ነፃ ሆነው በራሳቸው ስም መቆማቸው ለልጆቻቸውም ዕረፍት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትቆጥበው ብር ትንሽ ብትሆንም ሳይቋረጥ ይግባ፤ የምትፈርመው ወረቀት ደግሞ እስከ መጨረሻው መስመር ሳይነበብ አይፈረም።