ቴሌስኮፑ ሰማዩን የሚያውቀው በእናንተ ዓይን ነው

«ኮምፒውተር ያለው ቴሌስኮፕ» ሲባል ብዙ ሰው ማሽኑ ራሱ ሰማዩን አይቶ፣ ከዋክብቱን ለይቶ፣ ሳተርንን ፈልጎ የሚያመጣ ይመስለዋል። ማሽኑ ግን ምንም አያይም። ያለው ሁለት ሞተር፣ ሞተሮቹ ስንት እንደዞሩ የሚቆጥር መሣሪያ፣ የብዙ ሺህ የሰማይ አካላት አድራሻ የተከማቸበት ማኅደርና በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ነው። ስታበሩት ሰሜን የት እንደሆነ አያውቅም፤ የቆመበት መሬት ደልዳላ ይሁን ተዳፋት፣ አፉ ወደ ሰማይ ይሁን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚነግረው ሰው ነው፤ የሚነግረውም ሁለት ኮከብ አሳይቶ ነው። አላይመንት የሚባለው ሥራ ይኸው ነው። ከመሣሪያው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ሰው በችኮላ ሲያልፈው የማዝነውም ለዚህ ነው።

እንደ ሲስታር ያሉት አዳዲሶቹ ባለካሜራዎች ሰማዩን ፎቶ አንስተው፣ ከዋክብቱ የሚሠሩትን ቅርጽ ከማኅደራቸው ጋር ስለሚያመሳክሩ ይህን እርዳታ አይሹም። እዚህ የማወራው ዓይናችንን አስጠግተን ስለምናይባቸው ነው፤ ሚድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልኤክስ200ን ካወጣ ወዲህ በአማተሮች እጅ ስለበዙት፣ ወደ አገራችንም በዘመድ ሻንጣ ስለሚገቡት።

አተካከሉ ቀላል ነው። ሦስቱን እግር ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ። ቀይ ነጥብ የሚያሳየውን ማነጣጠሪያ ገና ቀን ሳለ ከሩቅ ምሰሶ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ጋር አስተካክሉት። ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሩ።

ቀጥሎ ማሽኑ ሰዓት፣ ቀንና ቦታ ይጠይቃል። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ወጥመድ አለን። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተማሪዎች ተሰልፈው፣ ግማሽ ጨረቃ ፊት ለፊታቸው እያበራች፣ መቆጣጠሪያውን የያዘው ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ጨረቃ ከአድማስ በታች ናት ይላል» አለኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ልጁም የሚያውቀውን ሰዓት 1:30 ብሎ አስገብቷል። ማሽኑ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 1:30 ነው የተረዳው፤ መግባት የነበረበት 19:30 ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ የአሥራ ስምንት ሰዓት ስህተት 270 ዲግሪ ነውና ማሽኑ የሰማዩን ሦስት አራተኛ ዙር ስቶ ጨረቃን ከመሬት በታች ቢፈልጋት አይፈረድበትም።

ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይግባ፤ በአሜሪካ ማሽኖች ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። መስከረምንና ግንቦትን የምታምታታ አንዲት የቁጥር መገለባበጥ ሰማዩን በሲሶ ዙር ታዛንፋለች። የሰዓት ቀጠናችን ሲደመር 3 ነው፤ ስለ በጋ ሰዓት ለውጥ ሲጠይቃችሁ «የለም» በሉት። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት። ምሥራቅ የሚለውን አስምሩበት፤ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ውስጥ ምዕራብ የሚለው ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ይህን ወጥመድ ያለፈ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ሰዓቱን እስከ ሴኮንድ፣ ቦታውን ከስልኩ ካርታ እስከ ግቢው በር ድረስ ያስገባል፤ መቆሚያውን በውሃ ልክ ሲያስተካክል ይቆያል፤ ኮከቡ ጋ ሲደርስ ግን ከመሃል ፈቀቅ እንዳለ «እሺ» ብሎ ይጫናል። ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ሰዓትና ቦታ ለማሽኑ የመጀመሪያ ግምት ከመስጠት ያለፈ ሥራ የላቸውም፤ «ሲሪየስ» ስትሉት ወደ ሲሪየስ አካባቢ እንዲዞር ይረዱታል። ሰዓታችሁ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ሰማዩ በሁለት ዲግሪ ተኩል ተዛንፎ ይታየዋል፣ የመጀመሪያውን ኮከብም በዚያው መጠን ይስተዋል። እናንተ ሁለት ኮከብ በትክክል መሃል ካደረጋችሁለት በኋላ ግን ያ መዛነፍ መቆሚያው ትንሽ ዞሮ ከመቆሙ የሚለይበት ነገር የለም፤ ከሌላው ጋር አብሮ ይታረማል። የመቆሚያው ማዘንበልም እንዲሁ ነው። ውሃ ልኩ ቴሌስኮፑ እንዳይወድቅ ይጠቅማል፤ ኮከብ ግን አያገኝም። በሰዓት ስህተት የምትጎዳው ጨረቃ ናት፣ በከዋክብቱ መካከል ቶሎ ስለምትጓዝ፤ እሷም ብትሆን በሰዓት የምትሄደው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው።

ለምን ሁለት ኮከብ? የተዘረጋ ቆዳ በአንድ ችካል ብቻ ሲያዝ በችካሉ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ሁለተኛው ሲመታ ነው የሚጸናው። ሰማዩም ለማሽኑ እንዲሁ ነው። በአንድ ኮከብ አንድ አቅጣጫ ያውቃል፤ በዚያ ኮከብ ዙሪያ ሰማዩ ወዴት እንደዞረ ግን አያውቅም። ችካሎቹ ሊራራቁ ይገባል፤ ቢቻል ከ60 ዲግሪ በላይ። ልክ ፊትና ኋላ ትይዩ ከሆኑ ደግሞ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሴለስትሮን የተባለው አምራች በአንዳንድ ማሽኖቹ የከዋክብት ስም የማያውቅ ሰው የሚጠቀምበት ዘዴ አበጅቷል፤ ሦስት ብሩህ አካላት መሃል ታደርጉለታላችሁ፣ ማን ማን እንደሆኑ እሱ ይደርስበታል። ይህን ሲያዩ ነው ሰዎች «አያችሁ፣ ያያል!» የሚሉት። የሚያደርገው ቆጠራ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንት ዲግሪ እንደዞረ ያውቃል፤ 66 ዲግሪ ያህል ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ከአድማስ በላይ ካሉት ብሩሃን መካከል ሲሪየስና ካፔላ በዚህ ርቀት ላይ እንዳሉ ከማኅደሩ ያገኛል። ሦስተኛው ምስክር ነው። ሰማዩ ሲዞር በከዋክብት መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ዘዴው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ አሥር ያህል ብሩህ ከዋክብትን በስም ማወቅ ምንም አይተካውም። ጁፒተርን አርክቱረስ ነው ብላችሁ ብታሳዩት ማሽኑ የሚያርማችሁ እድለኞች ስትሆኑ ነው።

አሁን መመሪያ ደብተሮቹ በአንድ መስመር ወደሚያልፉት፣ ለእኛ ግን ገጾች ወደሚገቡት ጉዳይ ልምጣ። ከአናታችሁ በላይ ያለን ኮከብ ለአላይመንት አትምረጡ።

እነዚህ ቴሌስኮፖች የሚንቀሳቀሱት በሁለት መንገድ ነው። መሠረቱ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ቱቦው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ኮከቡ በሰማዩ መካከለኛ ከፍታ ላይ ሲሆን የግራውን ቁልፍ ስትጫኑ ወደ ጎን ይሄዳል። ቱቦው ወደ ላይ ቀጥ ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል፤ መሠረቱ ይዞራል ይዞራል፣ ኮከቡ ከቦታው ፈቀቅ አይልም። 89 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለን ኮከብ በአንድ ዲግሪ ወደ ጎን ለመግፋት መሠረቱ 57 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት። ቱቦው ከሚዞርበት ዘንግ ጋር ፍጹም ቀጥተኛ ማዕዘን ስለማይሠራ ደግሞ፣ የትኛውም ቱቦ አይሠራምና፣ በትክክለኛው አናት ዙሪያ ቴሌስኮፑ ጨርሶ ሊያነጣጥርበት የማይችል ትንሽ ክብ ይቀራል። ቀይ ነጥቡን ለማየትም መሬት ላይ መንበርከክ ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ መሃል ኮከቡን መሃል አድርጌዋለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰልችቶት ተወው እንጂ አላደረገውም።

እኛ አገር አናታችን ላይ የሚያልፉት ከዋክብት መቆጣጠሪያው ደጋግሞ የሚያቀርባቸው ብሩሃኑ ናቸው። አልታይር ከአዲስ አበባ ትክክለኛ አናት ከጨረቃ ስፋት ባነሰ ርቀት ያልፋል። ቤቴልጁስና ፕሮስዮን ከ4 ዲግሪ አይርቁም። ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ ደግሞ ሬጉለስ አለ። ክረምቱ ወጥቶ ሰው ቴሌስኮፑን ከሳጥኑ በሚያወጣበት በመስከረም አጋማሽ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አልታይር ልክ ከአናት በላይ ነው፤ ሰማዩ ላይ ካሉት ሁሉ ከዛፍና ከጣሪያ የጸዳው እሱ ስለሆነ ያጓጓል። ማሽኑ ሊከተለው ሲሞክር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ዙር ሊዞር ግድ ይሆንበታል፤ ያኔ ሞተሩ ሲጮህ ሰምተው ተበላሸ ብለው የደወሉልኝ አሉ። በጥር አጋማሽ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይኸው ነገር በቤቴልጁስ ይደገማል።

ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ሌላ ሰማይ ነው ያላቸው። ከተማዋ 39 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆነች አናቷ ላይ የሚያልፈው ቬጋ ነው፤ በነሐሴ አጋማሽ ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ እሱን መሸሽ የእነሱ ፈንታ ነው። አልታይር እዚያ ቢበዛ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ቬጋም እኛ ዘንድ ቢበዛ ወደ 60 ዲግሪ። አንዱ አገር የሚሸሸው ኮከብ ለሌላው ምቹ ነው። እዚያ የለመዱትን ጥንድ ይዘው እዚህ ሲመጡ የሚቸገሩት ለዚህ ነው።

በመስከረም ምሽት እኔ የምመክረው ሰሜን ምዕራብ ላይ ቬጋን፣ ደቡብ ምሥራቅ ላይ ፎማልሃውትን ነው፤ በመካከላቸው 90 ዲግሪ ያህል አለ። በጥር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ በስተምሥራቅ ሲሪየስ፣ በስተሰሜን ካፔላ፤ ሁለቱም ቀና ብሎ ለማየት እንኳ አያደክሙም። ደመና ሌላ ካላስቀረላችሁ አልታይርን አንድ ሰዓት ጠብቁት፤ 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ጥሩ ኮከብ ይሆናል።

የሰሜን ኮከብን ተዉት። የውጭ መጻሕፍት ሁሉ ከእሱ ይጀምራሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ተራራው ሊጋርደው ይችላል። ሁለት ኮከብ ለሚጠይቅ ማሽን እሱ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዘንጉን ወደ ሰማይ ዋልታ ለሚያዞር መቆሚያ ነው፤ እንዲህ ያለውን የምትገዙ ከሆነ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ ማለት መቻሉንና ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከእግሮቹ ጋር አለመጋጨቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኮከቡን መሃል ስታደርጉ መጀመሪያ አጉልቶ በማያሳየው ሌንስ ያዙት፣ ከዚያ በሚያጎላው ቀይሩ። ነጥቡን ሆን ብላችሁ ብታደበዝዙት ትልቅ ክብ ይሆናል፤ የክብ መሃል ከነጥብ ይልቅ ለዓይን ይቀላል። የመጨረሻዋ ግፊት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ትሁን፤ በሴለስትሮን ማሽኖች በላይኛውና በቀኙ ቁልፍ። በጊሮቹ ጥርስ መካከል ክፍተት አለ፤ አቅጣጫ ስትቀይሩ ሞተሩ ትንሽ ዞሮ ቱቦው የማይነቃነቅበት ጊዜ ይኖራል፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል። ግራ ቀኝ እያላችሁ ያቆማችሁት ኮከብ መሃል ላይ ሆኖም ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ እጅ ወደ ኋላ። ቱቦውን አቅፈው የሚያዩ፣ በመቆሚያው ላይ የሚደገፉ፣ ልጅ አንስተው እግሩን የሚያስረግጡ አሉ፤ እግሩ በጣት ያህል ከተገፋ የደከማችሁበት ሁሉ ይጠፋል። በግድግዳ ሶኬት አትመኑ፤ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ጨልሞ ሰማዩ ይደምቃል፣ ማሽኑ ግን ሁሉን ረስቶ ይነሣል። ባለ12 ቮልት ባትሪ ይኑራችሁ።

ሁለቱን ኮከብ ጨርሳችሁ ወደ ዋናው እይታ ከመሄዳችሁ በፊት በሌላው የሰማይ ክፍል ያለ ሦስተኛ ኮከብ ጥሩና ፈትኑት። ከሌንሱ ውጭ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነውና እንደገና ጀምሩ። በግንቦት ኦሜጋ ሴንታውሪን ስትፈልጉ ይህ ዋጋ ይኖረዋል። ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጉ ከዋክብት የታጨቁበት ክምችት ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ከአድማስ እምብዛም አይነሣም፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ከ33 ዲግሪ በላይ ይወጣል። መጀመሪያ ጎረቤቱን አልፋ ሴንታውሪን ጥሩት፣ መሃል አድርጉት፣ ማሽኑ በዚያ አካባቢ ግምቱን እንዲያርም ሲንክ የሚለውን ተጫኑ፤ ኦሜጋ ሴንታውሪን ከዚያ እዘዙ።